ዋይትሎክስ፣ ሊድስ፦ አሮጌ ፐብ ሲታደስ ለዛው ይጠፋል?

የሊድሱ_ልጅ፦

ሰላም ለቤቱ። ስለ ቪዛና ስለ ቤት ኪራይ ስንጨቃጨቅ ከረምን። ዛሬ ፈታ የሚያደርግ ርዕስ ይዤ መጣሁ።

ባለፈው ዓርብ የመሥሪያ ቤት ልጆች ዋይትሎክስ የሚባል አሮጌ ፐብ (መጠጥ ቤት) ይዘውኝ ሄዱ። ሊድስ የሚባለውን የእንግሊዝ ከተማ ለማታውቁ፣ ብሪጌት የሚባል ዋና የገበያ መንገድ አለ። መኪና አይገባበትም፤ ግራና ቀኙ የልብስና የጫማ ሱቅ ነው። በሱቆቹ መሃል አንዲት ጠባብ መተላለፊያ አለች። ካላሳዩህ አልፈሃት ትሄዳለህ። ገባ ስትል ረጅም፣ ቀጭን ግቢ ታገኛለህ። ፐቡ አንዱን ወገን ይዞ ተዘርግቷል። ከደጁ ጠረጴዛ ተደርድሯል። ሰዉ ብርድ ምን እንደሆነ አያውቅም፤ ኮቱን እንደለበሰ ውጭ ይጠጣል።

ቤቱ የተከፈተው በ1715 ነው። (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ ኋላ እንዳንጣላ።) እኛ ጋ አፄ ዮስጦስ ጎንደር ላይ ነግሠው የነበሩበት ጊዜ መሆኑ ነው። ያኔ ስሙ ተርክስ ሄድ ነበር። ደንበኞቹም ብሪጌት ላይ ገበያ የሚውሉ ነጋዴዎች ነበሩ።

አሁን የምናየው መልክ ግን የ1715 አይደለም። በ1867 ጆን ላፕተን ዋይትሎክ የሚባል ሰው የመሸጫ ፈቃዱን ያዘ። ቤተሰቡ ኋላ ላይ ቤቱን ገዛው። በ1886 ደግሞ ውስጡን እንደ አዲስ አሠሩት። ያ ረጅም ባንኮኒ፣ ያ ሁሉ የተቀረጸ መስታወት፣ የሚያብረቀርቀው ናስ የዚያን ጊዜ ሥራ ነው። በ1897 ኤሌክትሪክ አስገቡ። እሱ አልበቃ ብሏቸው በብሪጌት በኩል ባለው መግቢያ ላይ የሚሽከረከር ትልቅ መብራት ሰቀሉ። በዚያ ዘመን! ከሩቅ ያየ ሁሉ ምን ጉድ ነው ብሎ እንደሚመጣ አውቀውበታል።

አብሮኝ የነበረው ልጅ ግን ፊቱን ቋጠረ። «አድሰውት ለዛውን አጠፉት» አለ። ምክንያቱን ስጠይቀው በካርድ ይከፈላል፣ ሜኑው ላይ የቪጋን (ከእንስሳት የሚገኝ ነገር የሌለበት) ምግብ አለ፣ አልኮል የሌለው ቢራ ይሸጣል። በቃ ይኸው ነው። እኔ አልተዋጠልኝም። ዛሬ ታሪክ ነው ብለን ፎቶ የምናነሳው መስታወት እኮ በ1886 ማዘመን ነበር። ያኔም አንድ ሽማግሌ ጥግ ላይ ተቀምጦ «ድሮ ቀረ» ብሎ አጉረምርሞ ይሆናል።

ስለ ቢራው ደግሞ ላውራ። ያን ቀን ኪዝሊ የሚጠመቀው የቲሞቲ ቴይለር ላንድሎርድ ነበር። ኪዝሊ ከሊድስ በባቡር ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው። የዚሁ የሊድስ የከርክስቶል ፔል ኤልም ነበር። ከማሻም የሚመጣው የቲክስተን ኦልድ ፒኪውሊየርም ነበር፤ እሱ ጠቆር ያለና 5.6 ከመቶ ስለሆነ ቀስ ብሎ ነው የሚጠጣ። ባንኮኒው ላይ የምትቀዳው ልጅ መጀመሪያ በትንሽ ብርጭቆ አስቀመሰችኝ። ከዚያ የቢራውን ፓምፕ እጀታ ይዛ ረጋ ብላ ወደራሷ ሳበችው። ቢራው ሲወርድ ወተት የገባበት ሻይ ይመስላል፤ ድፍርስ ነው። ጠጣሁት ብለህ እጅህን ስትሰድ «ቆይ» ትልሃለች። ከታች ጀምሮ እየጠራ፣ እየጠራ ይወጣና ከላይ ሁለት ጣት የሚያህል ወፍራም አረፋ ይቀራል። ከዚያ ትንሽ ትሞላበትና ትሰጥሃለች።

እስቲ እናንተ ምን ትላላችሁ? የታደሰ አሮጌ ፐብ ገብታችሁ ታውቃላችሁ?


የቀበና_ልጅ፦

እኔ ከአዲስ አበባ ነኝ። ጥያቄዬ አጭር ነው። እንግሊዞች ቢራ ሞቅ አድርገው ነው የሚጠጡት ሲባል እሰማለሁ። እውነት ነው? ቢራ ካልቀዘቀዘ ምኑን ቢራ ሆነ? እኛ ጋ ጃምቦው ላብ ካላላበው ይመለሳል።


የምድር_ቤቱ፦

ቀበና፣ ወሬ ነው ወንድሜ። ሞቅ ያለ አይደለም፤ ከ11 እስከ 13 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚቀርበው። ከፍሪጅ ለወጣ ላገር (እንደ እኛው ያለ ቀዝቃዛ ቢራ) ለለመደ አፍ ለብ ያለ ይመስለዋል። ሼፊልድ ውስጥ ፐብ ምድር ቤት ስሠራ ስለነበር ይሄን ነገር በእጄ ነው የማውቀው። ትንሽ ላብራራ፤ ረዘም ካለ ይቅር በሉኝ።

ሪል ኤል የሚባለው የእንግሊዞች ባህላዊ ቢራ ከፋብሪካ ሲወጣ ገና አልጨረሰም። እርሾው ሕይወት አለው። በርሜሉ ውስጥ ሁለተኛ ጊዜ ይፈላል፤ ጋዙም ከዚያው ይመጣል፣ ከሲሊንደር አይጨመርም። ኬግ የሚባለው ሌላው ዓይነት ነው። ብዙውን ጊዜ ተጣርቶ፣ እርሾው ወጥቶ፣ በጋዝ ግፊት የሚወጣው እሱ ነው። የእኛ ድራፍት ከሱ ወገን ነው።

በርሜሉ ሲመጣ ምድር ቤት ውስጥ በጎኑ ይተኛል። ከዚያ በኋላ ማንም እንዳይነካው። አናቱ ላይ ባለች ቀዳዳ ለስላሳ የእንጨት ችንካር ትሰካለህ፤ በእንጨቱ ቀዳዳዎች ጋዝ ሹልክ እያለ ይወጣል። አረፋው ሲቆም በጠንካራ ችንካር ትቀይረዋለህ። አተላው ወደ ሆዱ ይወርዳል። ጠላ የጠመቀች እናት ያለችው ሰው ይሄ ሁሉ ምን እንደሆነ ይገባዋል። ጋኑን ነካ ካደረግከው ደፍርሶ የሚጠብቅህ እኮ ነው። በጌሾ ፋንታ ሆፕ፣ በጋን ፋንታ የብረት በርሜል በለው እንጂ ጣጣው አንድ ነው።

በብዛት የምንጠቀምበት በርሜል ፈርኪን ይባላል። 9 ጋሎን ይይዛል፤ 72 ፓይንት ማለት ነው፤ ወደ 41 ሊትር ይጠጋል። አሁን ቁም ነገሩ ይመጣል። ቧንቧውን መትተህ ከከፈትከው ወዲያ አየር ገብቶበታል። ሦስት ቀን ግድም ነው ያለህ። ከዚያ ጣዕሙ ይሞታል፤ ይኮመጥጣል። ስለዚህ ፐቡ ጠጪ ከሌለው ጥሩ ኤል ሊኖረው አይችልም። የፈለገ ያህል ታሪካዊ ይሁን፣ በሳምንት ሁለት ሽማግሌ ብቻ የሚገባበት ቤት ኮምጣጤ ነው የሚያጠጣህ።

እና የሊድሱ ልጅ፣ እኔ ካንተ ጋ ነኝ። ወጣቱን የሚያመጣው ንጹሕ መጸዳጃ ቤት፣ ደህና ምግብና ካርድ ከሆነ ይምጣ። ቢራውን የሚያድነው እሱ ነው።


ሐና_ከሬዲንግ፦

ይቅርታ፣ ክሩን አላደናቅፍም። ግን ከረጅም ጊዜ ጀምሮ የምፈልገው መልስ አለ። እንግሊዝ አገር ቢራ ውስጥ ዓሣ ይገባል ያለችኝ ጓደኛ አለችኝ። እኔ ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩባት። ጾም ላይ ስለሆንኩ ነው የምጠይቀው። የምድር ቤቱ፣ እውነት ነው እንዴ?


የምድር_ቤቱ፦

ጓደኛሽ ልክ ናት። አይዚንግላስ የሚባል ነገር አለ። ከዓሣ የአየር ፊኛ ነው የሚሠራው። ትንሽ ወደ በርሜሉ ይገባል፤ የተንሳፈፈውን እርሾ ይሰበስብና ይዞት ይወርዳል። ቢራው ቶሎ የሚጠራው በሱ ነው። እሱ ራሱም ከአተላው ጋር ታች ነው የሚቀረው። ግን «ምንም አልቀረበትም» ብዬ አልምልልሽም።

አሁን ያለዚህ የሚያጠምቁ ብዙ ናቸው። ጊነስም ከጥቂት ዓመታት በፊት ትቶታል። ባንኮኒው ላይ ቪጋን የሚል ምልክት ያለበትን ፓምፕ ፈልጊ፤ ካጣሽ ጠይቂ። ያኔ የሚሰጥሽ ቢራ ትንሽ ጭጋግ ሊኖረው ይችላል፤ ተበላሽቷል ብለሽ እንዳትመልሺው። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ግን ወደ እኔ አታምጪው። ከንስሐ አባትሽ ጋር ጨርሺው።


ሐና_ከሬዲንግ፦

ሃሃ፣ እሺ። ለካ የሊድሱ ልጅ ጓደኛ የተቀየመበት የቪጋን ምልክት ለጾመኛ ነው የጠቀመው።


ጋሽ_ኖቲንግሃም፦

ልጆቼ፣ እንደምን ከረማችሁ። እኔ ወደዚህ አገር የመጣሁት ፐብ ከሰዓት በኋላ በፈረንጅ ሦስት ሰዓት (በእኛ ዘጠኝ ሰዓት) ላይ ዘግቶ ማታ እንደገና በሚከፍትበት ዘመን ነው። በ1988 ሕጉ እስኪቀየር በሥራ ቀን እንዲያ ነበር። እና ትንሽ አውቃለሁ ብል ድፍረት አይሆንብኝም።

በመጀመሪያ ስለ አሮጌነት። የእኛ ከተማ ኖቲንግሃም ውስጥ ሦስት ቤቶች «አንጋፋው እኔ ነኝ» ይባባላሉ። ዬ ኦልድ ትሪፕ ቱ ጀሩሳሌም ግድግዳው ላይ 1189 ብሎ በትልቁ ጽፏል። ሪቻርድ ቀዳማዊ የነገሠበት ዓመት ነው። ዬ ኦልድ ሳልዩቴሽን 1240 ይላል። ቤል ኢን ደግሞ 1437። እውነቱን ልንገራችሁ? የትሪፕ ሕንፃ የ17ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ዋሻው ግን አሮጌ ነው። የኋላ ክፍሎቹ ቤተ መንግሥቱ በተሠራበት አለት ውስጥ የተፈለፈሉ ናቸው። ጣሪያው አሸዋማ ድንጋይ ነው፤ ቀና ካልክ የጥንት ፈልፋይ የተወው ጠባሳ ይታይሃል። ላሊበላን ያየ ሰው በሥራው አይደነቅም፤ ግን ውስጡ ተቀምጦ ቢራ መጠጣት ሌላ ነው። ላይኛው ክፍል በመስታወት ሣጥን የተዘጋ የመርከብ ሞዴል አለ። የጠረገው ሁሉ ሞተ ይባላልና ስንት ዘመን ያለፈው አቧራ እንደተጫነው ይኖር ነበር። ፈረንጅ አያምንም የሚል ማነው?

አሁን ወደ ክርክራችሁ። የሊድሱ ልጅ «ያኔም ማዘመን ነበር» አልክ። ደህና። ነገር ግን ያኔ ያደሰው ሰው መስታወት አስቀረጸ፣ ናስ አስወለወለ፣ ዕቃው መቶ ዓመት እንዲቆይ አድርጎ ከፈለ። እኔ ሰፈር ያለውን ቤት ግን በቀደም ዓመት አደሱት። ስሙን አልጠራም። ግድግዳውን ግራጫ ቀቡት። ሦስት ትልልቅ ስክሪን ሰቀሉ። ከሁሉ የከፋው፣ ትንሿን ክፍል አፈረሷት።

ስለዚች ትንሽ ክፍል ወጣቶቹ አታውቁም። ድሮ ፐብ አንድ አዳራሽ አልነበረም። በእንጨትና በጠርሙስ የተከለለ ብዙ ክፍል ነበረው። ሠራተኛው ቆሻሻ ቦት ጫማውን እንዳጠለቀ የሚገባበት ባር ነበር። ምንጣፍ ያለው፣ ቢራውም ሳንቲም የሚጨምርበት ሳሎን ነበር። እና ስነግ የሚሏት ጠባብ ክፍል ነበረች፤ እንዳይታይ የፈለገ ሁሉ እዚያ ነበር የሚቀመጥ። ሴቶች፣ ፖሊስ፣ አንዳንዴም ቄሱ። የእኛዋ ውስጥ አምስት ሰው ከገባ ጉልበት ለጉልበት ነበር የምንነካካው። እዚያ ነው እንግሊዝኛ የተማርኩት። ከማላውቀው ሰው ጋር ጉልበት ነክቼ ዝም ማለት ስለማይቻል። አሁን ሰዉ ሁሉ ስክሪን ላይ አፍጥጦ ነው የሚወጣ።

እና ማደስን አልጠላም። ማፍረስን ነው የምጠላው። ለመሆኑ ዋይትሎክስ ውስጥ መከለያዎቹ አሉ?


የሊድሱ_ልጅ፦

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ ይሄን የመሰለ መልስ አልጠበቅኩም። አዎ፣ ቤቱ ራሱ ጠባብ ነው። ሁለት ሰው ጎን ለጎን ማለፍ ይከብደዋል። ከባንኮኒው ፊት ለፊት ትንንሽ ጠረጴዛዎች አሉ፤ ከኋላ ደግሞ ምግብ የሚበላበት ክፍል አለ። በዚያ ላይ በሕግ የተጠበቀ ሕንፃ ስለሆነ እንኳን ሊያፈርሱት፣ የግድግዳውን መስታወት ያለ ፈቃድ ማንሳት አይችሉም። ስክሪን አላየሁም። ሰፋ ያለና ዘመናዊ ነገር ለሚፈልግ በግቢው መጨረሻ ሌላ ባር ከፍተዋል፤ የጥንቱን ተርክስ ሄድ የሚለውን ስም ለሱ ሰጡት። አዲሱን ጎኑ ላይ አድርገው አሮጌውን አልነኩትም። እርስዎ የሚሉት ይሄን አይደል?


ጋሽ_ኖቲንግሃም፦

ይሄንንማ ነው። እንዲያ ከሆነ ባርኬያለሁ።


ሰሎሜ_ሳውዝዋርክ፦

ጋሼ ያሉት «ማፍረስ» ለንደን ውስጥ ምን እንዳደረገ ልንገራችሁ። ለንደን ብሪጅ ጣቢያ አጠገብ ጆርጅ ኢን አለ። ከድልድዩ ወርዳችሁ በራ ሃይ ስትሪትን ተከተሉ፤ በግራ በኩል ባለ በር ወደ ግቢ ይገባል። በ1676 የሳውዝዋርክን ሰፈር እሳት በልቶት በ1677 እንደ አዲስ የተሠራ ነው። የሠረገላ ተጓዦች የሚያድሩበት ቤት ነበር። ፎቁ ላይ በእንጨት የተሠራ ረጅም በረንዳ አለው። ለንደን ውስጥ እንዲህ ያለ በረንዳ ያለው የሠረገላ ማረፊያ የቀረው እሱ ብቻ ነው።

ግን የምታዩት አንዱን ጎን ነው። ድሮ ግቢውን የሚከቡ ሌሎች ክንፎች ነበሩት። በ1889 የምድር ባቡር ኩባንያው ለመጋዘን ብሎ አፈረሳቸው። የቀረውን ከ1937 ጀምሮ ናሽናል ትረስት የሚባለው የቅርስ ጠባቂ ድርጅት ይዞታል። እኔ እዚያ እንግዳ ስወስድ መጀመሪያ የማሳየው ወለሉን ነው። ጣውላው ተጣሟል። ብርጭቆ በጠረጴዛው ዳር ካስቀመጣችሁ በዓይናችሁ ጠብቁት።

ዌስት ሚድላንድስ አጠገብ ያለውን ክሩክድ ሃውስንም አትርሱት። ከሥሩ የድንጋይ ከሰል ስለተቆፈረ ሕንፃው ዘምሞ የቆመ ፐብ ነበር። በነሐሴ 2023 ከተሸጠ ብዙም ሳይቆይ ተቃጠለ፤ በሁለት ቀኑ ደግሞ በማሽን ፈረሰ። ጥበቃ የተሰጠው ሕንፃ አልነበረም። ሕዝቡ ጮኸ። በ2024 የወረዳው ምክር ቤት እንደነበረ መልሳችሁ ሥሩት ብሎ አዘዘ። ስለዚህ ወንድሞቼ፣ ግራጫ ቀለም እንኳን መጣ። ቀለም ይፋቃል።


ኡሙ_ሐያት፦

አሰላሙ ዐለይኩም። እኔ በርሚንግሃም ነኝ፣ አልጠጣም። የሥራ ቦታዬ ልጆች ሁሌ ዓርብ ፐብ ይጠሩኛል። ሁሌ ምክንያት እፈጥራለሁ። አሁን አለቃዬ ሥራ ልትለቅ ነው፤ የስንብቷ ዝግጅት አንድ የታደሰ አሮጌ ፐብ ውስጥ ነው፤ ምሳ ነው። መሄድ እፈልጋለሁ። የማይጠጣ ሰው እዚያ ምን ያደርጋል? ልጄንስ መውሰድ እችላለሁ?


ሰሎሜ_ሳውዝዋርክ፦

ወዐለይኩም ሰላም እህቴ። ሂጂ፣ ምንም አትሳቀቂ። ግማሹ ሰው ኮክ ወይም ሎሚናት ይዞ ነው የሚቀመጠው፤ ሻይና ቡናም አለ። ብዙ ቦታ ምግብም መጠጥም ባንኮኒ ሄደሽ ነው የምታዢው። ተቀምጠሽ አስተናጋጅ ከጠበቅሽ እስኪመሽ ትጠብቂያለሽ። የጠረጴዛሽን ቁጥር ያዢና ሂጂ። ልጅ ከወላጅ ጋር ቀን ላይ በብዛት ይፈቀዳል፤ ስልክ ደውለሽ አረጋግጪ። ጭስም አትፍሪ። ከ2007 ጀምሮ ውስጥ ማጨስ ክልክል ነው።

አንድ ነገር ግን እወቂ። በየተራ ለሁሉም የመግዛት ልማድ አላቸው፣ ዙር ነው። አንዱ ለስድስት ሰው ይገዛል፣ ቀጥሎ ሌላው። የአንድ ሰው ዙር ከጠጣሽ ያንቺም ተራ ይደርሳል። ከዚህ መውጣት ከፈለግሽ ገና ስትገቢ «የራሴን እገዛለሁ» በይ። ማንም አይቀየምም።


የምድር_ቤቱ፦

ምግቡ ላይ እኔ ልጨምር። ስቴክ ኤንድ ኤል ፓይ የሚለው ስሙ ላይ እንደተጻፈው ቢራ አለበት። ዓሣ መጥበሻው ሊጥም ብዙ ቤት በቢራ ነው የሚቦካው፤ ዓሣ ነው ብለሽ ዝም ብለሽ እንዳታዢ። ድንቹ አንዳንዴ በበሬ ጮማ ይጠበሳል። ሥጋው ሐላል ነው ካልተባለ አይደለም በይ። ወጥ ቤቱን ጠይቂ፤ ስለ አለርጂ መጠየቅ ስለለመዱ በደንብ ይመልሱልሻል። የታደሱት ቤቶች ለዚህ ይሻላሉ። ድሮ ብትጠይቂ የሚያቀርቡልሽ የድንች ቺፕስ ነበር።


ኡሙ_ሐያት፦

ጀዛኩሙላህ ኸይር። የቢራ ሊጡን በሕልሜም አላሰብኩት። አትክልት ነው የማዘው እንግዲህ።


የቀበና_ልጅ፦

ይሄን ሁሉ አንብቤ አንድ ነገር አልገባኝም። ቢራ ፋብሪካ አዲስ አበባም አለ፤ ጊዮርጊስ ከ1922 ጀምሮ አለ። ግን እኛ ጋ «የዚህ ሰፈር ቢራ» የሚባል ነገር የለም። እነሱ በየከተማው እንዴት ቻሉት?


የምድር_ቤቱ፦

ሊጠፋባቸው ደርሶ ነበር። በ1960ዎቹ ትልልቆቹ ፋብሪካዎች ትንንሾቹን እየገዙ ዘጉ፤ ፐቡንም በኬግ ሞሉት። ኬግ አይበላሽም፣ አይደፈርስም፣ ምድር ቤት ውስጥ የሚያውቅ ሰው አይፈልግም። በ1971 አራት እንግሊዛውያን አየርላንድ ለእረፍት ሄደው ሳለ ተበሳጩና ካምራ የሚባለውን ማኅበር መሠረቱ። ሪል ኤል ይመለስ የሚል ማኅበር ነው። ከ1974 ጀምሮ ጥሩ ኤል ያለባቸውን ፐቦች የሚዘረዝር መጽሐፍ በየዓመቱ ያወጣሉ። እንዲህ ነው ትንንሾቹ ጠማቂዎች መድረክ ያገኙት። ጋሽ ኖቲንግሃም የከተማቸውን ሳይነግሩን ቀሩ እንጂ የካስል ሮክ ሃርቨስት ፔል በ2010 የብሪታንያ ሻምፒዮን ቢራ ተብሎ ተሸልሟል።

የጠላ ጎረቤት ማየት ከፈለግክ ግን ታድካስተር ሂድ። ከሊድስ አጠገብ ናት። ሳሙኤል ስሚዝ እዚያ ከ1758 ጀምሮ አለ። ቢተር የሚባለውን ኤላቸውን አሁንም በእንጨት በርሜል ነው የሚያወጡት። በርሜሉን የሚሠራ የራሳቸው ባለሙያ አላቸው። ፐቦቻቸው ውስጥ ሙዚቃ የለም፤ ስልክ መነካካትም አይፈቀድም።


ጋሽ_ኖቲንግሃም፦

ሃርቨስት ፔልን ያልጠቀስኩት ስለምጠጣው ነው። ስለሚጠጣ ነገር አይለፈለፍም።


ተጓዥ_2016፦

እኔ ጀርመን ነኝ። በጋ ላይ ከቤተሰብ ጋር ባዝ እንሄዳለን። ጃንሆይ በስደት ከ1936 እስከ 1940 የኖሩበትን ፌርፊልድ ሃውስን ለማየት ነው። አባቴም አብሮን አለ። ከጉብኝቱ በኋላ እሱን የምወስድበት አሮጌ ፐብ ባዝ ውስጥ አለ?


ሐና_ከሬዲንግ፦

ስታር ኢን። ፓራጎን የሚባለው መንገድ ላይ ነው። ለአባትሽ የሚሆን ቤት ነው፤ ውስጡ በእንጨት ተከፋፍሎ የጋሽ ኖቲንግሃም ትንንሽ ክፍሎች አሁንም እንዳሉ ናቸው። ባስ የሚባለውን ኤል በፓምፕ አይስቡትም፤ ከበርሜሉ በማንቆርቆሪያ ቀድተው ነው የሚያመጡት። ከመሄዳችሁ በፊት ሰዓታቸውን እዩ፤ የፌርፊልድ ሃውስንም ጭምር። በየቀኑ ለጎብኚ ክፍት አይደለም።


ተጓዥ_2016፦

በማንቆርቆሪያ ከሆነ አባቴ ከዚያ አይነሳም። አመሰግናለሁ። ወንድ ነኝ በነገራችን ላይ።


ሰሎሜ_ሳውዝዋርክ፦

የሊድሱ ልጅ፣ አንድ ነገር ሳልናገር ብቀር ያንቀኛል። ያ «ሁለት ጣት የሚያህል አረፋ» ያልከው ማጭበርበር ነው። ፓምፑ አፍ ላይ የሚሰኩት ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ነገር፣ ስፓርክለር፣ እሱ ነው አረፋውን የሚሠራው። እኛ ደቡቦች አናደርገውም። ቢራው ውስጥ ያለውን ጋዝ አውጥቶ ይጨርሰዋል። በዚያ ላይ ሁለት ጣት ቢራ ቀርቶባችሁ ሙሉ ዋጋ ትከፍላላችሁ።


የሊድሱ_ልጅ፦

እንዴ! ሰሎሜ፣ ለንደን ላይ የሚቀዳው ጠፍጣፋ ነገር ቢራ ነው? አረፋ የሌለው ቢራ የእጅ መታጠቢያ ውሃ ነው። ደግሞ ከላይ ሙላልኝ ብትዪ ይሞሉልሻል።


የምድር_ቤቱ፦

ላንድሎርድ ያለ ስፓርክለር ይቀዳ የሚል ሰው ዮርክሻየር ድርሽ እንዳይል። ይሄን እንደ ባለሙያ ነው የምናገረው።


ጋሽ_ኖቲንግሃም፦

እኔ መሃል አገር ነኝ። ሁለቱንም ጠጥቻለሁ። አልፈርድም።


አወያይ፦

ወገኖች፣ የስፓርክለሩን ጠብ በሌላ ክር ክፈቱት። እዚህ ስለ አሮጌ ፐቦች ብቻ። የሊድስና የሼፊልድ ሰዎች በውስጥ መስመር የጀመራችሁትንም አይቻለሁ፤ ተዉ።